የጳጉሜን መጀመሪያ በፊላይ ደሴት

ከአስዋን ከተማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ሸላል የሚባል የጀልባ መሳፈሪያ ይገኛል። ጎብኚዎች ከምሳ በኋላ፣ የፀሐዩ ጉልበት ሲበርድ ወደዚህ ይመጣሉ። አስጎብኚው የመግቢያ ትኬቱን ይቆርጣል፤ የጀልባው ዋጋ ግን ለብቻ ነውና ከኑቢያዊው ባለ ጀልባ ጋር ክርክር ይጀመራል። ይሄን ያህል፣ አይ ይሄን ያህል፤ ቆሞ መጠበቂያውን ይጨምራል፣ አይጨምርም። ዋጋው ሲቆረጥ ሞተሩ ይነሳል። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከግራናይት ቋጥኞቹ ጀርባ ቢጫማ የድንጋይ ግንቦች ብቅ ይላሉ። የጥንት ግብፃውያን አምላክ የአይሲስ ቤተ መቅደስ ያለባት የፊላይ ደሴት ይህች ናት።

ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ያንን የአንድ ከሰዓት ጉዞ ነው። ግብፅ ከፊላይ የገዘፉ ቤተ መቅደሶች ሞልተውባታል፤ የካርናክን ዓምዶች ወይም የአቡ ሲምበልን ሐውልቶች አይቶ ለመጣ ሰው ፊላይ ልታንስበት ትችላለች። ለኢትዮጵያዊ ግን ከሁሉም የምትቀርበው እሷ ናት። የምትቀርበውም በዙሪያዋ በሚፈሰው ውሃ ነው። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ተራሮች የወረደ ነው፤ አባይ፣ ተከዜና ባሮ ተጋግዘው ያመጡታል። ፊላይ የከበረችው በዚያ ውሃ ነው፤ የሰጠመችውም በዚያው ውሃ ነው። ዛሬ ጎብኚው የሚረግጣት ደሴት ደግሞ የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ የዚህ ታሪክ ወደ ኋላ ይመጣል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን አስዋን የግብፅ ደቡባዊ ድንበር ነበረች። ወንዙ እዚህ ላይ በቋጥኞች መካከል እየተከፋፈለና እየተላተመ ስለሚወርድ መርከብ እንደልብ አያሳልፍም። ከዚያ በላይ ያለው አገር ለግብፃውያኑ ሩቅ ነበር። ውሃው ግን በየዓመቱ፣ የአስዋን ሰማይ አንዲት ጠብታ ሳያወርድ፣ ከዚያ ከሩቁ አገር እየጨመረ ይመጣ ነበር። ሰኔ ላይ መነሳት ይጀምር፣ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ላይ ጣሪያ ይነካ፣ ከዚያም ጥቁር ደለሉን እርሻው ላይ አልብሶ ይሸሽ ነበር። ዝናብ በማያውቅ አገር እንዲህ ያለ ሙላት ከየት ይመጣል? ካህናቱ መልሳቸውን በድንጋይ ላይ ቀርጸው ትተዋል።

ያንን ቅርጽ ለማየት ከዋናው ቤተ መቅደስ በስተ ምዕራብ ወዳለው የሐድሪያን በር መሄድ ያስፈልጋል። ሐድሪያን ከ117 እስከ 138 የነገሠ የሮም ንጉሠ ነገሥት ነው። በበሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተቆለሉ ቋጥኞች ተቀርጸዋል፤ በጫፋቸው ላይ ጥንብ አንሳና ጭልፊት ቆመዋል። ከቋጥኞቹ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ፣ ሐፒ የተባለው የሙላት አምላክ በርከክ ብሏል። አንድ ረጅም እባብ ዙሪያውን ከቦ ይጠብቀዋል። ሐፒ በሁለት እጁ ሁለት ማሰሮ ይዞ ውሃ ያፈስሳል። የናይል ሙላት፣ በካህናቱ እምነት፣ ከእነዚያ ሁለት ማሰሮዎች የሚወጣ ነበር።

ዋሻው የሚገኘውም ከፊላይ ፊት ለፊት ባለችው በቢጋ ደሴት ሥር ነው ይባል ነበር። በቢጋ ኦሲሪስ የተባለው አምላክ ተቀብሯል ተብሎ ይታመን ነበር። በግብፃውያን ተረት ኦሲሪስን የገዛ ወንድሙ በቅናት ገድሎ አካሉን ቆራርጦ በተነው፤ ሚስቱ አይሲስ ተንከራትታ ሰበሰበችው፤ ልጃቸው ሆረስም አድጎ የአባቱን ደም መለሰ። አይሲስ ባሏን አትረሳውምና፣ ምስሏ በየ10 ቀኑ በጀልባ ከፊላይ ወደ ቢጋ ይሻገር ነበር፤ በመቃብሩም ላይ ወተት ይፈስስ ነበር። እንግዲህ በዚህ ውሃ ላይ በጀልባ ወደ ቅዱስ ስፍራ መሻገር ቱሪስቶች የጀመሩት ነገር አይደለም።

ግሪካዊው ሄሮዶቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ይህንኑ ወሬ ሰምቷል። አንድ የቤተ መቅደስ ጸሐፊ የናይል ምንጭ በአስዋን አካባቢ በሁለት ተራሮች መካከል ነው፤ ግማሹ ውሃ ወደ ሰሜን፣ ግማሹ ወደ ደቡብ ይፈስሳል ብሎ ነግሮታል። ሄሮዶቱስ ሰውየው የሚያሾፍበት መስሎታል። ከእሱ ወዲህ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው አጋታርኪደስ ግን ነገሩን በትክክል ተናግሯል፤ ሙላቱ የሚመጣው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከሚጥለው የክረምት ዝናብ ነው ብሎ። አውሮፓዊ ሰው ግሽ ዓባይን በዓይኑ ለማየት ገና ብዙ መቶ ዓመታት ይቀሩት ነበር። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ደረሱበት። ብሩስ ከጎንደር ተነስቶ በሱዳን በኩል ሲመለስ፣ በረሃው ሊገድለው ጥቂት ሲቀረው የወጣው እዚሁ አስዋን ነው። የሰከላና የቋራ ገበሬ ግን ውሃው ከየት እንደሚነሳና በየትኛው ወር እንደሚሞላ የማንም ጸሐፊ ምስክርነት አላስፈለገውም።

ወደ ቤተ መቅደሱ እንመለስ ከተባለ፣ ሕንፃው ራሱ ብዙ ዘመናትን ያቀፈ ነው። በደሴቲቱ የተገኙት ጥንታዊ ድንጋዮች ግብፅን ይገዛ በነበረው የኩሽ ንጉሥ በታሃርቃ ስም የተቀረጹ ናቸው። ዛሬ የቆመው አብዛኛው ክፍል ግን የተሠራው በግሪካውያኑ በፕቶሎሚዎች ዘመን ነው፤ ሮማውያንም ጨምረውበታል። የመጀመሪያው መንታ የበር ግንብ 18 ሜትር ይረዝማል። በላዩ ላይ የታዋቂዋ የክሊዮፓትራ አባት 12ኛው ፕቶሎሚ ጠላቶቹን በፀጉራቸው ጨብጦ ሲመታ ይታያል። በሩ ውስጥ የናፖሊዮን ወታደሮች በ1799 እዚህ መድረሳቸውን በፈረንሳይኛ ጽፈዋል፤ የዘመኑ ጉራ ነው፣ ግን እሱም ታሪክ ሆኗል። በዳርቻው ላይ 14 ዓምዶች ያሉት፣ ጣሪያ አልባው የትራጃን ድንኳን ቆሟል። የፖስታ ካርድ ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነው። ማማሩስ ያምራል፤ ሆኖም ጊዜ ያጠረው ጎብኚ ከእሱ ይልቅ ወደ ሐድሪያን በር ቢመለስ ያተርፋል።

ምክንያቱም በዚያው በር ውስጥ፣ ከሐፒ ዋሻ ብዙም ሳይርቅ፣ በዓለም ላይ እስካሁን ከታወቁት የሂሮግሊፍ ጽሑፎች ሁሉ የመጨረሻው አለ። ከ3,000 ዓመታት በላይ ሲጻፍበት የኖረ ፊደል ያበቃው በዚህ ግድግዳ ላይ ነው። የጻፈው እስመትአኾም የሚባል የአይሲስ ካህን ነው። ማንዱሊስ የተባለውን የኑቢያ አምላክ ምስል ቀርጾ፣ ከጎኑ የራሱንና የአባቱን ስም፣ ማዕረጉንና ቀኑን ጻፈ። የእጅ ሥራው ከፕቶሎሚዎች ዘመን ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ መስመሩ ይንጋደዳል፣ ምልክቶቹ ጥልቀት የላቸውም። ሙያው እየሞተ መሆኑን ድንጋዩ ራሱ ይናገራል።

ቀኑን ግን በጥንቃቄ ነው የመዘገበው፤ የኦሲሪስ የልደት በዓል፣ 110 ዓመት ይላል። ሊቃውንቱ ይህንን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሰው ነሐሴ 24 ቀን 394 ይሉታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መሄድ አያስፈልገውም። የግብፅ ዓመት 12 ባለ 30 ቀን ወሮችና አምስት ትርፍ ቀናት ነበሩት፤ ከአምስቱ የመጀመሪያው የኦሲሪስ ልደት ነበር። ያ አቆጣጠር በቅብጦች በኩል አልፎ ዛሬም በኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አምስቱ ትርፍ ቀናት ጳጉሜን ናቸው። ካህኑ የጻፈበት ዕለት ጳጉሜን 1 ቀን 386 ዓ.ም. ነው። 110 ያለው ደግሞ ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጀምሮ የተቆጠረውን ዓመት ነው። ክርስቲያኖች በዚያ ንጉሥ የደረሰባቸውን መከራ አስበው ይህንኑ ቁጥር ዓመተ ሰማዕታት አሉት፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ያውቀዋል። የአይሲስ ካህንና የኢትዮጵያ ደብተራ የተጠቀሙበት ዘመን ቆጠራ አንድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በጳጉሜን መጀመሪያ ወንዙ ከዓመቱ ሁሉ ከፍ ወዳለበት እየደረሰ ነበር። ካህኑ መሮውን ይዞ ሲቀርጽ ከበሩ ውጭ ያለው ውሃ ደፍርሶ፣ በጎጃምና በወሎ አፈር ቀልቶ ይወርድ ነበር። እላይ በተራሮቹ ላይ ዛሬም በዚያው ሳምንት ሰዎች በጳጉሜን ዝናብ ይጠመቃሉ፤ በሦስተኛው ቀን በሩፋኤል ሕፃናት ልብሳቸውን አውልቀው ዝናቡ ውስጥ ይሯሯጣሉ። ያ ዝናብ ነው ወደ ፊላይ ይወርድ የነበረው።

የአይሲስ አምልኮ እዚህ እንዲህ የዘገየው በድንበርተኝነቱ ነው። የሮም ነገሥታት በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በግዛታቸው ያሉ ቤተ ጣዖቶች እንዲዘጉ አዘዙ። ከፊላይ በስተ ደቡብ የነበሩት ብሌሚዎችና ኖባዎች ግን አይሲስን የሚያመልኩ ተዋጊዎች ነበሩ፤ ሮም እነሱን ማስቆጣት አልፈለገችም። በ453 በተደረገው ውል እንዲያውም በየዓመቱ መጥተው የአይሲስን ምስል ለጥቂት ጊዜ ተውሰው እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸው ነበር። ቤተ መቅደሱ በመጨረሻ የተዘጋው በዮስቲንያኖስ ዘመን፣ በ530ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ነው። ካህናቱ ታሠሩ፤ ምስሎቹ ወደ ቁስጥንጥንያ ተጋዙ። ጳጳሱ ቴዎድሮስ የዓምዶቹን አዳራሽ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። መንበሩ ዛሬም ቆሟል፤ በግድግዳው የተቀረጹት መስቀሎች ግልጽ ሆነው ይታያሉ፤ የአማልክቱ ፊት ደግሞ በብዙ ቦታ በመዶሻ ተፍቋል።

የክርስትናው ታሪክ ከዚያም ይቀድማል። በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ የመነኮሳት ታሪክ እንደሚተርከው የፊላይን የመጀመሪያ ጳጳስ መቅዶንዮስን የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሾሞ ወደ አክሱም የላከውም ይኸው አትናቴዎስ ነው። በመስቀሎቹ ፊት የሚቆም ኢትዮጵያዊ ይህን አውቆ ቢቆም መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ቤተ መቅደሱ ከ1,000 ዓመታት በላይ በሰላም ቆየ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ሠዓሊዎች በዓምዶቹ ራስ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም አይተው ሥለዋል። ያ ቀለም ዛሬ የለም። ወንዙ አጥቦታል።

እንግሊዞች በ1898 እና በ1902 መካከል ከፊላይ በስተ ሰሜን ግድብ ሠሩ፤ አሁን አሮጌው ግድብ የሚባለው ነው። ለቤተ መቅደሱ ሲባል የመጀመሪያው ንድፍ ዝቅ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ግድቡ በ1912 እና በ1933 ሁለት ጊዜ ከፍ ተደረገ፤ ደሴቲቱም በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ሆነች። ጎብኚዎች በታንኳ በዓምዶቹ መካከል ይቀዝፉ ነበር። ፈረንሳዊው ደራሲ ፒዬር ሎቲ በ1909 ያሳተመውን መጽሐፉን «የፊላይ ሞት» ብሎ ሰየመው። የግድቡ አሠራር አንድ የሚያስገርም ነገር ነበረው። ደለል ያለበትን የክረምት ሙላት ይዞ ማስቀረት ስለማይቻል፣ ደራሹ ሲመጣ መዝጊያዎቹ ይከፈቱና ሐይቁ ይቀንስ ነበር። ስለዚህ ፊላይ ከውሃው ወጥታ የምትታየው የኢትዮጵያ ደራሽ በሚያልፍበት ወራት ነበር፤ ሙላቱ አልፎ የጠራው ውሃ ሲጠራቀም መልሳ ትሰጥም ነበር።

በ1960 ከፊላይ በላይ የአስዋን ትልቁ ግድብ ሥራ ሲጀመር ነገሩ ባሰ። ፊላይ በሁለት ግድቦች መካከል ቀረች፤ ውሃው በየቀኑ ከፍና ዝቅ እያለ ድንጋዩን የሚበላበት ስፍራ። ከላይ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የናስር ሐይቅ ታችኛውን ኑቢያ ሊውጥ ነው። ዩኔስኮ መጋቢት 8 ቀን 1960 ለዓለም ጥሪ አቀረበ። አቡ ሲምበል ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጦ 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ቦታ ወጣ። የፊላይ ተራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘዴውም ሌላ ነበር።

መጀመሪያ በደሴቲቱ ዙሪያ ሁለት ረድፍ የብረት ግድግዳ ወንዙ ውስጥ ተተከለ፤ በመካከላቸው አሸዋ ተሞላ። ከዚያ በውስጡ ያለው ውሃ በፓምፕ ተመጥጦ ወጣ፤ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ጭቃ ተጠረገ። እያንዳንዱ ድንጋይ ተለካ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ቁጥር ተሰጠው። 40,000 ያህል ድንጋዮች ናቸው። በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ የምትገኘው፣ ከፍ ያለችው የአጊልኪያ ደሴት በድማሚት ተፈልጣ የፊላይን ቅርጽ እንድትይዝ ተደረገ፤ ድንጋዮቹም በቀድሞው አቀማመጣቸው መሠረት እንደገና ተደረደሩ። ከብረቱ ግድግዳ ውጭ የቀረውን የዲዮቅልጥያኖስ በር ጠላቂዎች ከውሃ ሥር አንድ በአንድ አወጡት። አዲሱ ቦታ መጋቢት 10 ቀን 1980 ተመረቀ። ዛሬ በግንቦቹ ላይ ጠቆር ያለ አግድም መስመር ይታያል፤ ውሃው ይደርስበት የነበረው ልክ ነው። አስጎብኚ ሳያሳይ የሚያልፈው ከሆነ ጎብኚው ራሱ ይፈልገው፤ የመላው 20ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ በዚያ መስመር ላይ አለ።

ስለ ድንጋዮቹ መዳን ብዙ ተነግሯል፤ የሚገባውም ነው። ስለ ሰዎቹ የተነገረው ግን ያንሳል። በግብፅ 50,000 ያህል ኑቢያውያን ከመንደሮቻቸው ተነስተው ወደ ኮም ኦምቦ ሜዳ ተወሰዱ። ከወንዝ ዳር ቤታቸው፣ ከተምር ዛፋቸውና ከአባቶቻቸው መቃብር ተለዩ። በሱዳን በኩልም የዋዲ ሐልፋ ሰዎች፣ ቁጥራቸው ከዚህ የማያንስ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀው አዲስ ሐልፋ በተባለ ሰፈራ ሰፈሩ። አዲስ ሐልፋ የምትጠጣው ከአትባራ ወንዝ ነው፤ አትባራን የሚሞሉት ተከዜ፣ አንገረብና ጓንግ ናቸው። በሸላል ዋጋ የሚከራከረው ባለ ጀልባ አያቶቹ ከእነዚህ ተነቃዮች መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቂት ፓውንድ ለማስቀነስ የሚሟገት ጎብኚ ይህን ቢያስብ አይከፋም። ለድንጋይ የዓለም መንግሥታት ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ለተነቀለው ሰው እንዲህ ያለ ርብርብ አልተደረገም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነበር።

የፊላይ ስም ከናይልም ርቆ ሄዷል። እንግሊዛዊው ዊልያም ባንክስ ከደሴቲቱ የወሰደው ሐውልት በላዩ የግሪክና የሂሮግሊፍ ጽሑፍ ስለነበረው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን በ1822 ፊደሉን ሲፈታ የክሊዮፓትራን ስም በማንበብ ረድቶታል። ኅዳር 12 ቀን 2014 በሕዋ ላይ ባለ ጅራታም ኮከብ ላይ ያረፈችው የአውሮፓ መሣሪያም ፊላይ ትባል ነበር፤ ያረፈችበት ቦታ ደግሞ አጊልኪያ ተብሏል።

ከሰዓቱ ገና ካልመሸ ጉዞው በአስዋን ከተማ በፌሉካ ይቀጥላል። ፌሉካ ሸራ ያለው የእንጨት ጀልባ ነው። ሞተር አያስፈልገውም፤ ነፋሱ ከሰሜን ስለሚነፍስ ወደ ላይ በሸራ ይወጣል፣ ወደ ታች በውሃው ግፊት ይወርዳል። የጥንት ግብፃውያን መርከቦችም እንዲሁ ነበሩ። ባለ ጀልባው በኤለፋንታይን ደሴት ዳር ሲያልፍ ወደ ውሃው የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ ያሳያል፤ የናይል መለኪያ ነው። 90 ደረጃዎች አሉት፤ በግድግዳው ላይ የልክ ምልክቶች ተቀርጸዋል። ሹማምንቱ በክረምት ውሃው ስንተኛው ምልክት ላይ እንደደረሰ ያዩና የዓመቱን ምርትና ግብር ይገምቱ ነበር። በኢትዮጵያ ተራሮች ዝናቡ ከጎደለ በግብፅ ረሃብ ይሆን ነበር፤ ከበዛም መንደር ይጠፋ ነበር።

አሁን መለኪያው ሥራ ፈቷል። ከ1964 ጀምሮ ሙላቱ ከትልቁ ግድብ አያልፍም፤ ደለሉም ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በላይኛው ተፋሰስ ደግሞ የኢትዮጵያ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ፊላይ የተሠራችለት ወንዝ እንደ ድሮው አይሞላም፣ እንደ ድሮውም አይጎድልም።

ወደ ግብፅ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ ለሥራም ይሁን ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ፣ ከካይሮ ፒራሚዶች ሌላ አንድ ቀን ካገኘ ወደ አስዋን ይውረድ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በክረምት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሸላል ላይ ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት አስጎብኚውን «ከሁሉ አስቀድመህ የሐድሪያንን በር አሳየን» ይበለው፤ የቸኮለ ቡድን በቀላሉ ያልፈዋልና። የሐፒን ዋሻና የእስመትአኾምን ጽሑፍ የያዘው ግድግዳ በተፈጥሮ ብርሃን በደንብ ይታያል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረስ።